የመዓዛማ ቅጠል ዝፍዝፍ ለእህል ማሳ አረም፦ በወሎ ደጋና ቆላ እንዴት እንደሚዘጋጅና መቼ እንደሚረጭ

ባህር ዛፍ ሥር ጤፍ እንደማይሆን፣ ሣሩም እንደሚሳሳ በወሎ የማያውቅ ገበሬ የለም። ጥላውና የውኃ ሽሚያው ድርሻ አላቸው። ከረገፈው ቅጠል እየታጠበ አፈር ውስጥ የሚገባው ነገርም ዘር እንዳይበቅል፣ የበቀለውም ሥር እንዳይሰድ ያደርጋል። ለቅጠሉ ያን ኃይለኛ ሽታ የሚሰጠው ሲኒዮል የተባለ ዘይት በሥር ጫፍ ላይ የሕዋስ መከፋፈልን ያግዳል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖሊክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች ደግሞ በውኃ ሲዘፈዘፉ በቀላሉ ይወጣሉ። የሎሚ ሳር ሲትራል፣ የጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ዘይቶችም ለጋ ቡቃያን የሚጎዱ ናቸው።

ቅጠሉን በበርሜል ውኃ ዘፍዝፎ ይህን ነገር አውጥቶ አረም ላይ መርጨት ይቻላል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን ዝፍዝፉ አረምን ከእህል እንደማይለይ ነው። ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም መትቶ ስንዴውን ይተዋል። የቅጠል ዝፍዝፍ እንዲህ አይመርጥም፤ ያገኘውን ለጋ ሁሉ ይነካል፣ ዘሩ ደቃቅ የሆነውን ደግሞ ብዙ ጊዜ አብልጦ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ፣ የባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ዝፍዝፍን በሽምብራ፣ በበቆሎ፣ በአተርና በጤፍ ላይ የሞከረ የአገራችን ጥናት ከአራቱ ይበልጥ የተጎዱት ጤፍና ሽምብራ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ መምረጡ የረጪው ሥራ ነው፤ የሚመርጠውም በጊዜና በቦታ ነው። የሚረጨው እህሉ ገና ሳይዘራ ነው፤ ከተዘራ በኋላ ከሆነ ደግሞ እህሉ በሌለበት በመስመሮቹ መካከል። የበቀለ ጤፍ ወይም የስንዴ ቡቃያ ላይ ከላይ የረጨ ሰው እህሉንም አብሮ ይለበልባል።

የትኛውን አረም ይመታል

ኃይሉ የሚታየው ከዘር በሚበቅል፣ ገና ከጆሮ ቅጠሉ (ከዘሩ መጀመሪያ ከሚወጣው) እስከ ሁለት ቅጠል ባለው አረም ላይ ነው። አሉማ፣ መጭ፣ ቅንጨ አረምና የመሳሰሉት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው በዚህ ዕድሜያቸው ይጎዳሉ። አራት ቅጠል ካለፉ ጫፋቸው ይጠወልግና በሳምንቱ መልሰው ያቆጠቁጣሉ። ለእነሱ እጅና መኮትኮቻ ይሻላል።

የሣር ዘመዶቹ ይከብዳሉ። ሙጃ፣ ስናር፣ አስንዳቦና እንክርዳድ የሚያድጉበት እምቡጥ ከአፈሩ አጠገብ በቅጠል ሽፋን ተደብቆ ስለሚቆይ ላዩ ቢቃጠልም ከሥር ይመለሳሉ። ዓመት ከዓመት ቱፎርዲ ብቻ በተረጨበት ማሳ ላይ የሚበዙትም እነዚሁ ናቸው። እነሱን በዝፍዝፍ መቀነስ የሚቻለው ገና እንደ መርፌ ብቅ ሲሉ፣ በ5 ወይም በ6 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ በመርጨት ነው። ሰርዶና እንግጫ ላይ ግን ድካም አታባክኑ። ከመሬት በታች ባለው ግንዳቸውና ፍሬያቸው ይመለሳሉ።

አቀንጭራን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ቆቦና ቃሉ ላይ ማሽላ የሚያመርት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። አቀንጭራ ገና ከመሬት ሳይወጣ የማሽላውን ሥር ይዞ ይጠባል። ሐምራዊ አበባውን ስታዩ ጉዳቱን ጨርሷል፤ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ምንም ዓይነት ዝፍዝፍ ሰብሉን አያድነውም። ለእሱ የሚበጀው እንደ ጎቢዬና አብሽር ያለ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር መዝራት፣ ሰሊጥ ወይም አኩሪ አተር ማፈራረቅ፣ ፍግ ማብዛት፣ የወጣውንም ዘር ሳያፈራ መንቀል ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው ነው።

ቅጠሉን መምረጥ

በብዛት ሊገኝ የሚችለውና ለማሳ የሚበቃው ባህር ዛፍ ነው። ደሴ ዙሪያ፣ ኩታበርና ለጋምቦ ነጩ ይገኛል፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ቆቦ ሲወረድ ቀዩ። በዚያው ጥናት የቀዩ ቅጠል ዝፍዝፍ ከነጩ በርትቶ ታይቷል፤ ስለዚህ ቆላ ያላችሁ ለእህሉ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የበሰለ ቅጠል ውሰዱ፤ የመንገድ አቧራ የለበሰውን ተዉት፣ ጭቃው መርጫውን ይደፍናል።

የሎሚ ሳር በጓሮ ያለው ሰው ከባህር ዛፉ አንድ አምስተኛውን በእሱ ሊተካ ይችላል። አሪቲና በሶብላም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ለአንድ ጥማድ የሚበቃ አሪቲ ያለው ጓሮ ብርቅ ነው። ጤና አዳም ኃይለኛ ነው፤ ጣጣው ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ያቆስላል፣ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል። ለቡና ሁለት ቅጠል መቀንጠስና 10 ኪሎ በእጅ መውቀጥ አንድ አይደሉም።

ጦስኝን ለማሳ አትንቀሉት። በክብደት ሲመዘን ከሁሉም ሳይበልጥ አይቀርም፤ ነገር ግን በደጋው ገደላ ገደል ላይ በዱር የሚበቅል፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከነሥሩ ከተነቀለ የማይመለስ የአገራችን ተክል ነው። ለሻይና ለወጥ የሚሆነውን ለአረም ማዋል ነውር ነው።

የወፍ ቆሎ በአጥርና በመንገድ ዳር ሞልቷል፣ ዝፍዝፉም ዘርን ያግዳል። ከብት ከበላው ግን ጉበቱን ይመርዛል፤ በግ፣ ፍየልና ላም የሚገቡበት ማሳ ላይ አትርጩት። ቅንጨ አረምን ራሱን ዘፍዝፎ አረም ላይ መርጨት የሚለው ምክርም ይሰማል። አታድርጉት። ያበበውን ሲያጓጉዙት ዘሩ ይበተናል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ አፍንጫና ሳንባን ያስቆጣል።

ከማሳ በፊት በሳህን መሞከር

የአንዱ ዛፍ ቅጠል ከሌላው አንድ አይደለም፤ የበጋው ከክረምቱ፣ የደጋው ከቆላው ይለያል። ስለዚህ ኃይሉን በሳህን መለካት የግድ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ብዙ።

አራት ሳህን አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሶፍት ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉ። በአንደኛው ንጹሕ ውኃ፣ በሁለተኛው ሩቡ ዝፍዝፍ ሦስት እጁ ውኃ የሆነ፣ በሦስተኛው ግማሽ በግማሽ፣ በአራተኛው ያልቀጠነ ዝፍዝፍ፣ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርጉ። በየሳህኑ በአንድ ወገን 20 የአረም ዘር፣ በሌላው ወገን ልትዘሩት ያሰባችሁትን እህል 20 ዘር አስቀምጡ። እያንዳንዱን ለየብቻው በላስቲክ ሸፍኑ፤ ሽታው ራሱ ይሠራልና አንዱ የሌላውን አየር መሳብ የለበትም። ሙቀት ባለበት ጥላ ሥር አኑሩ፣ ሲደርቅም ያንኑ ፈሳሽ ጨምሩ።

በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን ቁጠሩ። የበቀለውን ብቻ አትቁጠሩ፤ ሥሩንም በማስመሪያ ለኩት። ብዙ ጊዜ ዘሩ ብቅ ይልና ሥሩ እንደ ጉቶ አጥሮ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ማሳ ላይ አይቆምም። በንጹሕ ውኃው ላይ ከ20 ዘር 15ቱ ካልበቀሉ ዘሩ ራሱ ደካማ ነው፣ ሙከራው አይቆጠርም። ስናር ትኩስ ዘሩ ተኝቶ ስለሚቆይ ለዚህ ሙከራ አይመችም፤ አሉማ ይሻላል። ጤፍ በሩቡ እንኳ ሥሩ ካጠረ፣ መሬቱ ሳይፈተሽ ጤፍ እንደማይዘራበት ከወዲሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

አዘገጃጀት፣ ለአንድ ጥማድ

ጥማድ ስንል ሩብ ሄክታር ይዘን ነው። የሚያስፈልገው በጥላ የደረቀ 10 ኪሎ የባህር ዛፍ ቅጠል (እርጥቡ ከ20 እስከ 25 ኪሎ)፣ 110 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል፣ ማጥለያ ነጠላና ፈሳሽ ሳሙና ነው። የኬሚካል ዕቃ የነበረ በርሜል አይሆንም።

1. ቅጠሉን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቁረጡ። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ስስ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 7 ቀን አድርቁ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ዘይቱን ለሰማይ ሰጥቶ ገለባ ይሆናል።

2. በምትዘፈዝፉበት ዕለት ብቻ ቆራርጡት ወይም በሙቀጫ ሸክሽኩት። አስቀድሞ የተወቀጠ ሽታው ይጠፋል።

3. 60 ሊትር ውኃ እጅ እስከማያስገባ ድረስ አሙቁ፣ ሳይፈላ አውርዱ። ቅጠሉን በበርሜል ጨምራችሁ ውኃውን አፍስሱበት፣ ክዳኑን በላስቲክ አጥብቃችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት። በመካከል ሁለት ጊዜ ብቻ አማስሉ።

4. አጥልላችሁ ፈሳሹን ለብቻ አኑሩ። ቅጠሉ ላይ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩና 12 ሰዓት ቆይታችሁ ጨምቁ። ሁለቱን ቀላቅሉ። ቅጠሉ የሚያስቀረው ስላለ በእጃችሁ የሚገባው 95 ሊትር ገደማ ነው፤ ከስድስት ባለ 15 ሊትር መርጫ ትንሽ ይተርፋል።

5. በሁለት እጥፍ ነጠላ ዳግመኛ አጥልሉ። ይህን የዘለለ ሰው ግማሹን ቀን ኖዝል (የመርጫውን ጫፍ ቀዳዳ) ሲያጸዳ ይውላል።

6. ለእያንዳንዱ 15 ሊትር መርጫ አንድ የቡና ሲኒ ፈሳሽ ሳሙና በመጨረሻ ጨምሩ። ያለ ሳሙና ጠብታው በአረሙ ቅጠል ላይ ተንከባሎ ይወርዳል።

በሳሙና ፈንታ እንዶድ መጠቀም ይቻላል፤ አረፋው ያጣብቃል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ዓሣንም አይምርም። ሐይቅ ዳርና ቦርከና አጠገብ ያላችሁ መርጫችሁን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጠቡ።

ዝፍዝፉ ከ2 ቀን በላይ አይቀመጥም። መጎምዘዝ ከጀመረና ሽታው ወደ እርሾ ከዞረ ኃይሉ አልቋል።

በእንፋሎት የወጣ ንጹሕ ዘይት ከዝፍዝፉ በጣም ይበረታል። ለማሳ ግን ሒሳቡ አይወጣም። ለጥማድ 100 ሊትር 5 በመቶ ቅልቅል ለማዘጋጀት 5 ሊትር ዘይት ይጠይቃል። ከ1 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባህር ዛፍ ቅጠል 15 ሚሊ ሊትር ቢወጣ እንኳ ከ330 ኪሎ በላይ ቅጠልና የዚያን ያህል ማገዶ ይፈጃል። ዘይቱ ለእርከን ጠርዝና ለቦይ ዳር ይሁን፦ በ1 ሊትር ውኃ 50 ሚሊ ሊትር ዘይትና ግማሹን ያህል ሳሙና፣ በእጅ መርጫ፣ እየተበጠበጠ።

ማሳ ላይ

መርጫው ቱፎርዲ ይዞ ከነበረ ሦስት ጊዜ በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ ጥቂት ቅሪት ሽምብራንና ምስርን ያበላሻል። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ሞልታችሁ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ በተለመደው እርምጃችሁ እርጩ። 4 ሊትር ያህል ከፈጀ ልክ ናችሁ። 2 ሊትር ብቻ ከሆነ እርምጃችሁን አዝግሙ፤ ይህ ዝፍዝፍ የሚሠራው የነካውን ብቻ ነው፣ በአረሙ ውስጥ ተጉዞ ሥር አይደርስም።

የምትረጩት ጤዛው ሲደርቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት ነው። የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ማለዳው ይመቻል። ከተረጨ በኋላ 6 ሰዓት ሳይሞላው ዝናብ ከመታው ታጥቧል፣ ይደገማል። ሁልጊዜም ከማሳው አንድ 2 ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ሳይረጭ ይቅር። ያ ቁራጭ ከሌለ አረሙ የቀነሰው በዝፍዝፉ ይሁን በዝናቡ መጥፋት ማንም ሊናገር አይችልም።

ለስንዴና ለገብስ፦ የመጨረሻውን እርሻ አረሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አትዝሩ። ዝናብ ሲያገኘው አረሙ ከ8 እስከ 12 ቀን ውስጥ ይፈላል። ጆሮ ቅጠሉ ላይ እንዳለ እርጩ፣ በ6ኛው ቀን የቀረውን ድገሙ። ከመጨረሻው ርጭት 7 ቀን ቆይታችሁ በመስመር ዝሩ። መሬቱን መልሳችሁ በጥልቀት ካረሳችሁ ከሥር የተኛውን አዲስ የአረም ዘር ወደ ላይ ታወጡታላችሁ፣ የደከማችሁበት ሁሉ ይመለሳል። ሲዘራ መስመሩ ብቻ ይከፈት። ጃማና ወረኢሉ ባለው መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ ውኃ የተኛበት ማሳ አይረጭም፤ ፈሳሹ ተጠራቅሞ በአንድ ቦታ ይከማቻል።

ለጤፍ፦ መንገዱ ያው ነው፣ ጥንቃቄው ግን እጥፍ ነው። ከመጨረሻው ርጭት ቢያንስ 12 ቀን ቆዩ፤ በዚያም አትመኑ። ከተረጨው ቦታ ከአምስት ቦታ የላይኛውን አፈር፣ ካልተረጨውም እንዲሁ ወስዳችሁ በሁለት ጣሳ አድርጉ፣ 30 30 የጤፍ ዘር ዝሩበት። በ5ኛው ቀን ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማሳው ዝግጁ ነው። የተረጨው ከሳሳ አንድ ጥሩ ዝናብ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ፈትሹ። ዘሩን ስትሸፍኑ በቅርንጫፍ መሳብ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከ20 ቀን በላይ ይፈልጋል። ቆቦን በመሰለ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ በሚወጣበት ቦታ ለጤፍ 20 ቀን ማባከን ከአረሙ የከፋ ጉዳት ነው፤ እዚያ ለጤፍ አንመክረውም። በልግ የሚያገኘውና በበልግ ያልተዘራበት የደጋ ማሳ ግን የተሻለ ዕድል አለው፦ አረሙ በሚያዝያ ዝናብ ይበቅላል፣ በግንቦት ይረጫል፣ እስከ ሐምሌ ዘር ድረስ ዝናቡ መሬቱን ያጥበዋል።

ለማሽላ፦ ዝፍዝፉ ከሁሉ ይበልጥ የሚመቸው እዚህ ነው። በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር የተዘራ ማሽላ፣ ጅጉርቲም ይሁን ደጋሊት፣ መካከሉ ሰፊ ነው። የምትረጩት ከሽልሻሎ (በበቀለው ማሽላ መካከል በማረሻ ከማረስ) በኋላ ነው። ሽልሻሎው የበቀለውን ይገለብጣል፣ የተነቃነቀው አፈር ግን በ8 እና በ10 ቀን መካከል አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ነው መምታት። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ግርጌውን ቆርጣችሁ በአፉ በኩል የመርጫውን ዘንግ አስገቡ፣ ኖዝሉ በጀሪካኑ ውስጥ ይቅር። እንደ ባርኔጣ መሬት ላይ ደፍታችሁ እየጎተታችሁ ስትረጩ ወደ ማሽላው አይፈናጠርም። በመስመሩ ውስጥ ከማሽላው ጋር የተጣበቀው አረም በእጅ ይነቀል።

የማሽላ አገዳ ራሱም አረም ያግዳል፤ ሥሩ ሶርጎሊዮን የሚባል ነገር ይለቃል። በፓኪስታን 1 ኪሎ የተቆራረጠ የማሽላ አገዳና ቅጠል በ10 ሊትር ውኃ 24 ሰዓት ዘፍዝፈው በስንዴ ማሳ ላይ በመርጨት አረሙን ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ቀንሰዋል። የበቀለ ስንዴ ላይ መረጨት የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ በ10 ካሬ ሜትር ተሞክሮ። አገዳው የከብት መኖ ለሆነበት ቤት ግን ከብት የተወውን ግንጥል ብቻ ተጠቀሙ።

ሲበላሽ

አረሙ ምንም ካልሆነ መጀመሪያ ድስቱን ጠይቁ። ክዳን ሳይኖረው የፈላ ቅጠል ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ በርሜሉ ግን ባዶ ነው። ቀጥሎ የአረሙን ዕድሜ፣ ቀጥሎ ሳሙናውን። አረሙ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ኖዝሉ ተደፍኗል ወይም እርምጃው ፈጥኗል። እህሉ በቦታ በቦታ ከሳሳ ርጭቱ ተደራርቧል፤ በማሳው ጫፍ ስትዞሩ መርጫውን ዝጉ። ከአንድ ማሳ ላይ በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አታድርጉ፣ ቀጥሎ ሽምብራ የሚዘራበትን ደግሞ ጭራሽ ተዉት።

ይህ ሁሉ የመጀመሪያውን አረማ ያቀልላል፣ አያስቀረውም። ለሁለተኛው አረማ ጅጌ መጥራት አይቀርም።

ጓንት፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ሽታው ከቡና ዕጣን ቢመሳሰልም ዓይን ሲገባ ያቃጥላል። ከተረጨ ማሳ የተነቀለ አረም ለከብት አይሰጥም። መጭ አብቦ ንብ በሚወርድበት በመስከረም አትርጩ። ዝፍዝፉን በጠርሙስ አድርጎ ገበያ ማውጣት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ለሽያጭ የሚውል ፀረ ተባይ አስቀድሞ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

ተጨምቆ የቀረውን ቅጠል ፍግ ላይ አትጨምሩት፣ የቀረው ኃይል ወደ ጤፉ ይመለሳል። አድርቁትና ለምጣድ ማገዶ ይሁን።